ኢንተራፕት አሁን ቢመጣስ? የኢንተራፕት ኮንትሮለር ድራይቨርን ደረጃ በደረጃ መገምገም

ኢንተራፕት ማለት መሣሪያ ሲፒዩውን «አስተናግደኝ» ብሎ የሚጠራበት ምልክት ነው፤ ኢንተራፕት ኮንትሮለር ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ተቀብሎ ለሲፒዩው የሚያደርስ ቺፕ። ይህን ቺፕ የሚያዝዘው የሊኑክስ ከርነል ኮድ፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ሁለት ሦስት መቶ መስመር ቢሆን ነው። ይህ አጭርነቱ ገምጋሚን ያዘናጋል። ሬጂስተር (ቺፑ የሚታዘዝበት ትንሽ የመረጃ ቦታ) ይነበባል፣ ቢት ይቀየራል፣ ተመልሶ ይጻፋል፤ ምን አለው ያስብላል።

ነገር ግን ቦርዱ ላይ ያለው ሌላ ድራይቨር ሁሉ የተደገፈው እሱ ላይ ነው። ኔትወርኩም፣ ሲሪያል ፖርቱም፣ ስቶሬጁም ሲፒዩውን የሚጠሩት በእሱ በኩል ነው። እሱ ሲሳሳት ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ሌላው ላይ ነው። ኔትወርኩ አልፎ አልፎ ቀጥ ይላል። ሰው ሁሉ የኔትወርኩን ድራይቨር ሲበረብር ይከርማል። ጥፋቱ ግን እዚያ የለም።

ስህተቱ ዞሮ ዞሮ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ኢንተራፕት ጠፍቶ ይቀራል፤ ወይ ደግሞ ማቆሚያ ያጣና ሲፒዩው እሱን ብቻ ሲያስተናግድ ይውላል። ስለዚህ ኮዱን ሳነብ በእያንዳንዱ ሁለት መስመር መሃል የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ኢንተራፕት ልክ እዚህ ጋ ቢመጣስ? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ናቸው።

1. መጀመሪያ የቺፑ ማኑዋል

ኮዱን ገና አትክፈቱት። ኮዱን ቀድሞ ያነበበ ሰው ጸሐፊው ባሰበበት መንገድ ማሰብ ይጀምራል። ስህተቱንም አብሮ ይወርሳል። ማኑዋሉን ይዛችሁ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ጻፉ።

የኢንተራፕት መስመሮቹ (መሣሪያዎቹ ከቺፑ ጋር የተገናኙባቸው) የሚዘጉትና የሚከፈቱት እንዴት ነው? የሁሉም ቢት በአንድ ሬጂስተር ተጠራቅሟል ወይስ ለመክፈቻ አንድ፣ ለመዝጊያ ሌላ ሬጂስተር አለ? የስታተስ ቢት፣ ማለትም ኢንተራፕት መምጣቱን የሚያሳየው ቢት፣ የሚጠፋው እንዴት ነው? 1 ሲጻፍበት? ሲነበብ? ወይስ መሣሪያው ራሱ ዝም ሲል? ቺፑ ሌቭልን (ምልክቱ እስኪስተናገድ በርቶ የሚቆይበትን) ብቻ ነው የሚያውቀው ወይስ ኤጅንም (ምልክቱ በሚቀየርበት ቅጽበት ብቻ የሚታወቀውን)? ደግሞ አንዱ መስመር ተዘግቶ ሳለ ኤጅ ቢመጣ ቺፑ ይይዘዋል ወይስ ይጥለዋል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ ብዙ ማኑዋል ውስጥ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተደብቃ ነው የምትገኘው። ፈልጋችሁ አግኟት። ማኑዋሉ ለሕዝብ ያልተለቀቀ ከሆነ ደግሞ የፓቹን (ለግምገማ የቀረበውን የኮድ ለውጥ) ጸሐፊ መልሱን በኮሚት መልእክቱ (ለውጡን በሚያብራራው ጽሑፍ) ውስጥ እንዲያሰፍር ጠይቁት። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ኮዱን የሚጠግነው ሰውም ያንኑ መልስ ይፈልጋል።

2. ዲቫይስ ትሪው

ዲቫይስ ትሪ ቦርዱ ላይ ምን ሃርድዌር እንዳለ ለከርነሉ የሚነግር ዝርዝር ነው፤ ባይንዲንግ ደግሞ ዝርዝሩ እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስነው ደንብ። ይህ ክፍል ብዙ አያቆያችሁም፤ ግን እንዳትዘሉት። ኮድ ነገ ይታረማል። የዲቫይስ ትሪ ባይንዲንግ ግን አንዴ ከወጣ በኋላ ቃል ኪዳን ነው። ቦርዱ ውስጥ ተቀብሮ የወጣን የድሮ ዲቫይስ ትሪ አዲሱ ከርነልም ሊያነበው ይገባል።

ዋናው የምታዩት የኢንተራፕት ሴሎችን (አንድን ኢንተራፕት ለመግለጽ የሚጻፉትን ቁጥሮች) ብዛት ነው። አንድ ሴል ማለት የመስመሩ ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት ሲሆን ሁለተኛው የኢንተራፕቱን ዓይነት ይናገራል፦ 1 ወደ ላይ የሚወጣ ኤጅ፣ 2 ወደ ታች የሚወርድ ኤጅ፣ 4 ከፍ ያለ ሌቭል፣ 8 ዝቅ ያለ ሌቭል። የአርም ፕሮሰሰሮች ኢንተራፕት ኮንትሮለር የሆነው ጂአይሲ ሦስት ይጠቀማል፤ የመጀመሪያው ሴል 0 ከሆነ ለሁሉም ሲፒዩ የጋራ የሆነ መስመር፣ 1 ከሆነ የአንድ ሲፒዩ የግል መስመር ማለት ነው። ቺፑ ኤጅንም ሌቭልንም እያወቀ ባይንዲንጉ አንድ ሴል ብቻ ካለው እዚያው አስቁሙት። ኋላ ለመጨመር መሞከር ጣጣው ብዙ ነው።

ባይንዲንጉ በያምል የጽሑፍ ቅርጽ ተጽፎ፣ ከድራይቨሩ ተለይቶ፣ በፓቾቹ ተርታ ከድራይቨሩ ቀድሞ መምጣት አለበት። ከርነሉ ውስጥ ባለው የባይንዲንግ መፈተሻ ማለፉንም አረጋግጡ።

3. ትክክለኛው ፍሎው ሃንድለር ነው የተመረጠው?

ሃንድለር ኢንተራፕት ሲመጣ የሚጠራ ተግባር ነው፤ ፍሎው ሃንድለር ደግሞ የማስተናገዱን ቅደም ተከተል የሚወስነው የከርነሉ ክፍል። እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ግማሹ ከባድ ስህተት የሚገኘው እዚህ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ሌቭል ኢንተራፕት ጣቱን ከበሩ ደወል ላይ ሳያነሳ እንደሚጠብቅ እንግዳ ነው፤ በሩ እስኪከፈት ደወሉ አይቆምም። ኤጅ ደግሞ አንዴ ደውሎ ዝም ይላል፤ ካልሰማችሁት አመለጣችሁ። የሊኑክስ ከርነል ለሁለቱ የተለያየ አካሄድ ያለው ለዚህ ነው። በ2006 በቶማስ ግላይክስነርና በኢንጎ ሞልናር ሥራ ወደ 2.6.18 የገባው የጋራ የኢንተራፕት ማዕቀፍ ይህን አካሄድ ከቺፑ ኮድ ለይቶ አስቀመጠው። ድራይቨሩ «ዝጋ» («ማስክ»)፣ «ክፈት»፣ «ተቀብያለሁ» («አክ»)፣ «ጨርሻለሁ» («ኢኦአይ») የሚሉ ትንንሽ ተግባራትን ብቻ ያቀርባል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ፍሎው ሃንድለሩ ነው።

የሌቭል ሃንድለር መስመሩን መጀመሪያ ይዘጋል፤ ካለ «አክ»ም ያደርጋል። ከዚያ የመሣሪያውን ሃንድለር ይጠራል፤ በመጨረሻ ይከፍታል። የኤጅ ሃንድለር መጀመሪያ «አክ» ያደርግና መስመሩን ሳይዘጋ ወደ ሥራው ይገባል። በሥራው መሃል ሌላ ኤጅ ቢመጣ ምልክት ይያዝለትና ዙሩ ይደገማል። ሦስተኛው «ፋስት ኢኦአይ» የሚባለው ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አያደርግም፤ መጨረሻ ላይ ብቻ «ጨርሻለሁ» ይላል። ይህ የሚሆነው እንደ ጂአይሲ ቅደም ተከተሉን ራሱ ሃርድዌሩ ለሚጠብቅ ኮንትሮለር ነው።

አሁን ጥያቄያችንን ይዘን እንግባ። ኤጅ ላይ «አክ» ከመሣሪያው ሃንድለር በኋላ ቢደረግስ? ሃንድለሩ ሥራውን ጨርሶ «አክ» ከመደረጉ በፊት ሁለተኛ ኤጅ መጣ እንበል። ቺፑ ቢቱን 1 አድርጎ ያዘው። «አክ» መጣና አጠፋው። ሁለተኛው ኢንተራፕት እልም አለ። መሣሪያው መልስ ይጠብቃል፤ ሲፒዩው ምንም አልሰማም።

የሌቭሉ ወጥመድ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። አንዳንድ ቺፖች ሌቭልንም ስታተስ ቢት ውስጥ ይዘው ያስቀራሉ። መሣሪያው ገና መስመሩን ሳይለቅ «አክ» ካደረጋችሁ ቢቱ ወዲያው ተመልሶ 1 ይሆናል። መሣሪያው ዝም ካለ በኋላም ቢቱ እንደበራ ይቆያል። መስመሩ ሲከፈት ባዶ ኢንተራፕት ይመጣል። እያንዳንዱ ኢንተራፕት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቺፕ ላይ ድራይቨሩ መስመሩን ሊከፍት ሲል የቆየውን ቢት አጥፍቶ ነው መክፈት ያለበት። ቆጣሪው ላይ ቁጥሩ ልክ እጥፍ ሆኖ ካያችሁት መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

የተመረጠው ሃንድለር የሚጠራቸው ተግባራት በሙሉ መኖራቸውንም እዩ። የኤጅ ሃንድለሩ «አክ»ን የሚጠራው መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቅ ነው። ድራይቨሩ ካላቀረበው የመጀመሪያው ኤጅ ሲመጣ ከርነሉ ባዶ ፖይንተር ላይ ይወድቃል።

ከዚያ የኢንተራፕቱን ዓይነት ወደሚያስቀምጠው፣ «ሴት ታይፕ» ወደሚባለው ኮልባክ (ከርነሉ የሚጠራው የድራይቨሩ ተግባር) ሂዱ። ቺፑ የማይችለውን ዓይነት ሲጠየቅ ስህተት ብሎ መመለስ አለበት። ዝም ብሎ ዜሮ የሚመልስ ድራይቨር ዋሽቷል። ዓይነቱ ሲቀየር ፍሎው ሃንድለሩም አብሮ መቀየር አለበት፤ ያውም «ሎክድ» የሚል ቅጥያ ባለው ተግባር። ምክንያቱም ኮልባኩ በሚጠራበት ሰዓት የኢንተራፕቱ መቆለፊያ አስቀድሞ ተይዟል። ተራውን ቢጠቀም ራሱ የያዘውን ቁልፍ ሲጠብቅ እዚያው ይቀራል። ሌላም አለ፦ ፖላሪቲ (ምልክቱ ከፍ ሲል ወይስ ዝቅ ሲል ነው የሚቆጠረው የሚለው) ሲገለበጥ ብዙ ቺፕ ያልመጣ ኤጅ የመጣ ይመስለዋል። ከቅየራው በኋላ ያ የውሸት ቢት ይጠፋል ወይ?

4. ሬጂስተሮቹና መቆለፊያው

የሁሉም መስመር ቢት በአንድ ሬጂስተር ከሆነ አንዱን ለመቀየር ማንበብ፣ መለወጥ፣ መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል። ሲፒዩ 0 መስመር 3ን ሊዘጋ ያነባል። በዚያው ቅጽበት ሲፒዩ 1 መስመር 7ን ሊከፍት ያነባል። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ዓይነት ነው። ሲፒዩ 0 ይጽፋል። ሲፒዩ 1 ያንን ሳያይ በላዩ ላይ ይጽፋል። መስመር 3 ተዘጋ ተብሎ ክፍት ሆኖ ቀረ።

«ከርነሉ ኮልባኩን ሲጠራ መቆለፊያ ይዞ የለ እንዴ?» የሚል መልስ ከጸሐፊው ሊመጣ ይችላል። ይዟል። ግን ያ መቆለፊያ የአንዱ ኢንተራፕት ብቻ ነው። መስመር 3 የራሱ አለው፤ መስመር 7 የራሱ አለው። ሬጂስተሩ ግን የጋራ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ የራሱ መቆለፊያ ያስፈልገዋል።

ዓይነቱም ወሳኝ ነው። «ራው ስፒንሎክ»፣ ማለትም ምንጊዜም ሳይተኛ እየዞረ የሚጠብቅ መቆለፊያ፣ መሆን አለበት። ተራው ስፒንሎክ በፕሪኤምፕት አርቲ (ምላሹ በጊዜው እንዲደርስ በተዘጋጀው) ከርነል ላይ የሚያስተኛ መቆለፊያ ይሆናል። ኢንተራፕት ተዘግቶ፣ ራው መቆለፊያ ተይዞ ሳለ ደግሞ መተኛት ክልክል ነው። ፕሪኤምፕት አርቲ በ2024 በወጣው 6.12 ዋናው ከርነል ውስጥ ስለገባ «ይህ የልዩ ከርነል ጉዳይ ነው» ማለት ከእንግዲህ አያስኬድም። በነገራችን ላይ ለመክፈቻና ለመዝጊያ የተለያየ ሬጂስተር ያለው ቺፕ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። እዚያ ላይ መቆለፊያ ካያችሁ «ለምንድነው?» በሉ።

አሁን ደግሞ ስታተስ ሬጂስተሩ። 1 ሲጻፍበት የሚጠፋ ዓይነት ነው እንበል። የሬጂስተሩ ዋጋ 00010100 ነው፤ ማለትም መስመር 2 እና መስመር 4 እየጠበቁ ነው። ድራይቨሩ መስመር 2ን ሊያጠፋ ፈለገ። ከልማድ ሬጂስተሩን አነበበ፣ 00000100ን በ«ኦር» ጨመረበት፣ መልሶ ጻፈ። የጻፈው ስንት ነው? ያው 00010100። መስመር 4ም አብሮ ተጠረገ። ማንም ሳያስተናግደው! ትክክሉ ምንም ሳያነቡ 00000100ን ብቻ መጻፍ ነው። ይህ ስህተት ሲታይ የጠራና ጥንቁቅ ኮድ ስለሚመስል ከዓይን ያመልጣል። «አክ» ውስጥ ንባብ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

መጻፍ ማለት መድረስ አይደለም። የተጻፈው ዋጋ መንገድ ላይ፣ ባስ ውስጥ ሊዘገይ ይችላል። «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ ቺፑ ጋ ሳይደርስ ሲፒዩው ኢንተራፕቱን መልሶ ከከፈተ ባዶ ኢንተራፕት ይቀበላል። መፍትሔው ያንኑ ሬጂስተር መልሶ ማንበብ ነው። ማኑዋሉ የሚያስፈልግ መሆኑን ካልጠቆመ ግን በየቦታው አትጠይቁት። እያንዳንዱ ንባብ ጊዜ ይበላል።

አንድ የምትዘነጋ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ጸሐፊ «ዲስኤብል» ለሚለው ኮልባክ የ«ማስክ»ን ተግባር ደግሞ ይሰጠዋል። ለከርነሉ የተሟላ ነገር ያቀረበ ይመስለዋል። ነገር ግን ከርነሉ ይህ ኮልባክ ከሌለ ሆን ብሎ ይሰንፋል፤ ኢንተራፕት ዝጋ ሲባል ምልክት ብቻ ያደርግና ሃርድዌሩን የሚዘጋው በእርግጥ ኢንተራፕት ከመጣ ነው። የመጣውንም አስታውሶ ሲከፈት ያስተናግደዋል። ኮልባኩ ከቀረበ ግን ሃርድዌሩ ወዲያው ይዘጋል። በተዘጋበት ኤጅን የሚጥል ቺፕ ከሆነ ያ ኤጅ ጠፋ። በደረጃ 1 ላይ ያችን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

5. ኢንተራፕቱን ለባለቤቱ የሚያደርሰው ሉፕ

ኮንትሮለሩ በሌላ ኮንትሮለር ሥር የተቀመጠ ከሆነ ኢንተራፕቱን ከላይኛው ተቀብሎ ለታችኞቹ የሚያከፋፍል «ቼይንድ ሃንድለር» ይኖረዋል። መጀመሪያ ላይ የመግቢያው፣ መጨረሻ ላይ የመውጫው ጥሪ መኖሩን እዩ። የላይኛው ቺፕ «አክ» ወይም «ኢኦአይ» የሚደረግለት በእነሱ ነው። መሃል ላይ ባዶ ስታተስ አይቶ በ«ሪተርን» የሚወጣ መንገድ ካለ የመውጫው ጥሪ ይዘለላል። ከዚያ በኋላ የላይኛው መስመር ዝም ሊል ይችላል።

የተነበበው ስታተስ ክፍት ከሆኑት መስመሮች ጋር በ«አንድ» (AND) ተጣርቷል? ብዙ ቺፕ የተዘጋ መስመርንም ስታተስ ላይ ያሳያል። ካልተጣራ ማንም ያልጠየቀው ኢንተራፕት ይስተናገዳል።

ቢቶቹን የሚያዞረው ሉፕ ላይ ደግሞ ይህችን አትለፏት። ስታተሱ ባለ 32 ቢት ተለዋዋጭ ሆኖ ሳለ አድራሻው በግድ ወደ «አንሳይንድ ሎንግ» (ስፋቱ ከሲፒዩው ጋር የሚለያይ የቁጥር ዓይነት) ፖይንተር ይቀየራል። ባለ 32 ቢት ሲፒዩ ላይ ችግር የለውም። ባለ 64 ቢት ላይ ግን ሉፑ ጎረቤት ያለውን 4 ባይት ጨምሮ ያነባል። ሲፒዩው ሊትል ኢንዲያን (የቁጥሩን ትንሹን ባይት ቀድሞ የሚያስቀምጥ) ከሆነ በዕድል ይሠራል፤ ቢግ ኢንዲያን (የዚህ ግልባጭ) ላይ ቢቶቹን የሚፈልገው የተሳሳተው ግማሽ ውስጥ ነው። ተለዋዋጩን ከመነሻው «አንሳይንድ ሎንግ» ማድረግ ብቻ ይበቃል። የአንድ ቃል እርማት ናት።

ቁጥሩን ፈልጎ ለሃንድለር የሚሰጠው በሁለት ጥሪ ከሆነ ሁለቱን በአንድ የሚሠራው አዲሱ የዶሜይን (የቺፑን መስመር ቁጥር ከከርነሉ የኢንተራፕት ቁጥር ጋር የሚያዛምደው መዝገብ) ጥሪ እንዲተካው ጠይቁ። «ስታተሱ ዜሮ እስኪሆን ድረስ» የሚል ማለቂያ የሌለው ሉፕም አይመቸኝም። አንድ የተበላሸ መሣሪያ ሲፒዩውን እዚያው ሊያስቀረው ይችላል።

ቼይንድ ሃንድለር ራሱ የሚከፈልበት ነገር አለ። ፕሮክ ሥር ባለው የኢንተራፕቶች ፋይል ላይ አይታይም። መከላከያም የለውም። ተራ ኢንተራፕት ከ100,000 ውስጥ 99,900ው ባለቤት ካጣ ከርነሉ «ማንም ግድ አልሰጠውም» የሚል መልእክት ጽፎ መስመሩን ይዘጋዋል። ቼይንድ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ማዕበሉ ከመጣ ቦርዱ ድምፁን ሳያሰማ ይቆማል።

6. የማስነሻው ቅደም ተከተል

ከርነሉን የሚያስነሳው ቡትሎደር መስመር ክፍት አድርጎ ትቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተራው ይህ ነው፦ ሁሉንም መስመር ዝጋ፣ የቆየውን ስታተስ አጥፋ፣ ዶሜይኑን ፍጠር፣ ሃንድለሩን በመጨረሻ አገናኝ። ሃንድለሩ ከዶሜይኑ ቀድሞ ከተገናኘ ኢንተራፕት በመሃል ቢመጣ ሉፑ ያልተፈጠረ ዶሜይን ውስጥ ይገባል።

የስህተት መንገዶቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። ዶሜይኑ ካልተፈጠረ የተያዘው የሬጂስተር ማፒንግ ይለቀቃል? የወላጁ ኢንተራፕት ቁጥር ሲጠየቅስ? እዚህ ላይ ሁለት ጥሪዎች ሁለት ዓይነት መልስ አላቸው። ከዲቫይስ ትሪ ኖድ በቀጥታ የሚያወጣው ሲሳነው 0 ይመልሳል። ከፕላትፎርም ዲቫይስ የሚወስደው ደግሞ ኔጌቲቭ ቁጥር። የመጀመሪያውን «ከዜሮ ያነሰ ነው?» ብሎ የሚፈትሽ ኮድ መቼም ስህተት አያይም፤ መልሱ ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልምና።

ድራይቨሩ ከተነሳ በኋላ በተጠቃሚ ትእዛዝ እንዳይነቀልም መከልከል አለበት። ሌሎች ድራይቨሮች ኢንተራፕቱን ይዘው ሳለ ከሥራቸው መንቀል የሚያመጣው መውደቅ ብቻ ነው።

7. እንቅልፍና ብዙ ሲፒዩ

ቦርዱ ሲተኛ ኮንትሮለሩ ኃይል ያጣል? ካጣ የሬጂስተሮቹ ዋጋ ከመተኛቱ በፊት ተቀምጦ ሲነቃ መመለስ አለበት፤ የመክፈቻው ብቻ ሳይሆን የዓይነቱና የፖላሪቲውም። መቀስቀስ ላይ ደግሞ «ሴት ዌክ» (መስመሩን ለመቀስቀሻ የሚያዘጋጅ) ኮልባክ ከሌለና ይህን ዝለለው የሚለው ፍላግም ካልተደረገ መሣሪያው «ቀስቅሰኝ» ብሎ ሲጠይቅ ስህተት ነው የሚመለስለት።

ኢንተራፕትን ወደ ሌላ ሲፒዩ የሚያዛውር ከሆነ በተግባር የተመረጠው ሲፒዩ ለከርነሉ መነገሩን አረጋግጡ። ከሲፒዩ ወደ ሲፒዩ መልእክት የሚልክ ከሆነ ደግሞ ላኪው ሬጂስተሩ ላይ ከመጻፉ በፊት ባሪየር (ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ እንዲታይ የሚያስገድድ ትእዛዝ) ይኑር። አለበለዚያ ተቀባዩ ተጠርቶ ይመጣና መረጃው ገና አልደረሰም።

8. አሂዱት

በዓይን ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ከርነሉን የመቆለፊያ መፈተሻው፣ በማይተኛበት ቦታ የሚተኛን የሚያጋልጠው አማራጭና የኢንተራፕት ዲበግኤፍኤስ ተከፍተው ገንቡት። የመጨረሻው የእያንዳንዱን መስመር ሁኔታ፣ ዓይነትና ዶሜይን በጽሑፍ ያሳያችኋል። ስፓርስ የተባለውን የኮድ መፈተሻም አስነሱ፤ የሬጂስተር አድራሻን እንደ ተራ ፖይንተር የተጠቀመን ይይዛል። ከተቻለ ለባለ 64 ቢት አርክቴክቸርም ገንቡት።

ሃርድዌሩ እጃችሁ ላይ ካለ በአንድ ሬጂስተር ሥር ያሉ ሁለት መሣሪያዎችን በተለያየ ሲፒዩ ላይ አብራችሁ አስጨንቋቸው። የደረጃ 4 ስህተቶች በአንድ መሣሪያ ብቻ አይወጡም። ከዚያ በጭነቱ መሃል አስተኝታችሁ ቀስቅሱት። ቆጣሪዎቹን ከመሣሪያው የራሱ ቆጠራ ጋር አስተያዩ፤ ያነሰ ከሆነ ጠፍቷል፣ እጥፍ ከሆነ ደረጃ 3ን አስታውሱ።

9. አስተያየቱን መጻፍ

«መቆለፊያ ይጎድላል» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ ጸሐፊው ሊከራከር ይችላል። «ሲፒዩ 0 እዚህ መስመር ላይ ሳለ ሲፒዩ 1 እዚያ መስመር ላይ ቢሆን መስመር 3 ክፍት ሆኖ ይቀራል» ብትሉት ግን ክርክር የለም። እያንዳንዱን ከባድ አስተያየት በዚህ መልክ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ጻፉት። እንዲህ አድርጋችሁ መጻፍ ካቃታችሁ ምናልባት ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄ አድርጋችሁ አቅርቡት።

መታረም ያለበትንና የጣዕም ጉዳይን አትቀላቅሉ። የተለዋዋጭ ስም አይጣፍጥም ማለት ይቻላል፤ ግን መጨረሻ ላይና «ግዴታ አይደለም» ከሚል ቃል ጋር።

ፊርማችሁንም በልኩ ስጡ። ያነበባችሁትን «ሪቪውድ ባይ»፣ ቦርድ ላይ ያስኬዳችሁትን «ቴስትድ ባይ» በሉት። የእንቅልፉን ክፍል ካላያችሁት «የሰስፔንዱን ኮድ አልተመለከትኩም» ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ሜንቴነሩ (ኮዱን የሚቀበለው ኃላፊ) ለዚያ ክፍል ሌላ ሰው ይፈልጋል።